ዓሣውን ቆጮ ውስጥ የቀበርን ሰሞን

ዓሣው ወደ ቤታችን የገባው በባጃጅ፣ አባዬ ጭን ላይ ተጋድሞ ነው። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። ጭንቅላቱ በአንዱ በኩል ጭራው በሌላው በኩል ወጥቶ ስለነበር፣ ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ ሬሳ የመጣ መስሎት ነጠላውን እያስተካከለ ብቅ አለ። አባዬ ግን ሙሽራ እንዳመጣ ሰው ፊቱ በርቶ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ! ክንፉን እንዳትነኩት!» ይላል። እኔ ከቢሮ ለምሳ መጥቼ፣ አንድ እግሬ ቤት ውስጥ አንድ እግሬ ደጅ ሆኖ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምጠጣው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ስትለኝ ነው ያደግኩት፤ ይኸው ሠላሳዎቹን አጋምሼም እሾሁ አልወጣልኝም።

አባዬ ዶዮገና ተወልዶ፣ የሥራ ዘመኑን ሙሉ ሙዱላ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የእናቴ ዘመዶች ሌሞ ስላሉ አጠገቡ ሆሳዕና ቤት ሠርተን ገባን፤ እሱ ግን ልቡን ሙዱላ ትቶ ነው የመጣው። ከሙዱላ ቁልቁል ሲወርዱ፣ የግድቡ ውሃ ሸለቆውን ሞልቶ ሐይቅ በሆነበት ቦታ፣ አንድ የድሮ ተማሪው ጀልባ አለው። አባዬ ሲናፍቀው ተሳፍሮ ይሄድና ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሲባጎውን በጣቱ ጠምጥሞ ይውላል። አገራችን የከብት አገር ነው፤ ቅቤና ሥጋ የለመደ ሰው ለዓሣ ግድ የለውም። ስለዚህ ሰፈሩ ያሾፍበት ነበር። «መምህር፣ ዛሬስ ምን ያዙ?» ሲሉት እናቴ ቀድማ «ጉንፋን!» ትላለች።

የዚያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ኮባው ሲፈታ ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ዓሣው ቢያቆሙት ደረቴ ይደርሳል። የሐይቁ ሰዎች ነጭ ዓሣ ይሉታል እንጂ ነጭ ብቻ አይደለም፤ ጀርባው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሆዱ እንደ ታጠበ የብር ማንኪያ ያበራል፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አፉ ጥግ ላይ መንጠቆው የቀደደው ቦታ አለ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ አማተበች።

«ይህ አይበላም» አለ አባዬ። «ይቀመጣል። እንዳለ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።»

ዱሮ አርባ ምንጭ ለሥልጠና ሄዶ ሳለ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ጣውላ ላይ የተሰቀለ ዓሣ አይቶ ነበር። በሕይወት ያለ ይመስላል፣ ዓይኑ ይከተልሃል ይል ነበር። ስለዚያ ዓሣ ከመስማታችን ብዛት አንዳችንም አናምነውም።

እናቴ በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ቢላዋ ይዛ ቆማለች። «የጎሽ ቀንድ ሲሰቀል አይቻለሁ» አለች። «ዓሣ ሰቅዬ እንግዳዬን ላስመልጥ? ዓሣ ግማቱ ከወደ ጭንቅላቱ ሲባል የሰማሁት ስለ ሹም ነበር፤ ለካ ስለ አንተ ነው! ዞር በል፣ አንጀቱን ላውጣለት።»

አባዬ እጄን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ሳበኝና በሩን መለስ አደረገው።

እዚህ ላይ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር መናገር አለብኝ። አባዬ ዓይኑ እየሄደ ነበር። የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ በፊቴ ነው የነገረው፦ የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው። ከክሊኒኩ ስንወጣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ከእኔ በፊት እሷ ትታወራለች» አለኝ። እናቴ መነጽሩ ያረጀ ነው የሚመስላት። እሱም ያንን እያመካኘ ጽዋ ሲስት፣ ደረጃ ሲዘል፣ ሰላምታ ሳይመልስ ሲያልፍ ኖሯል።

«ልጄ» አለኝ በሩን ተደግፎ። «እሱን ሳላየው እንዳትቀብሩት። ውሃው ላይ በደንብ አላየሁትም፤ በእጄ ነው የያዝኩት። ቀን ወጥቶልኝ፣ ብርሃን ባለበት፣ ግድግዳ ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ልየው። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

ቢሮም ምሳም ከአእምሮዬ ጠፋ። ወደ ሳሎን በሩጫ ተመልሼ «እማዬ፣ ቢላዋውን ጣይ!» ብዬ ስጮህ ሳህኑን ነው የጣለችው።

ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የነበረች ልጅ ወንድም አላት፤ አዲስ አበባ ሆኖ የሞቱ እንስሳትን ሕይወት እንዳላቸው አድርጎ የሚያቆም ባለሙያ ነው። ተማሪ ሆነን «ወንድምሽ ጅብ ይሰፋል» እያልን እናበሽቃት ነበር። ቁጥሩን ከእሷ ተቀብዬ ደወልኩለት። ሳይተነፍስ ነው ያዘዘኝ። ሆዱን እንዳትከፍቱት። ጨው እንዳትነሰንሱበት። ሳይደርቅ፣ ቀለሙ ሳይጠፋ፣ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ ከሞተ በኋላ ቀለሙ ይሸሻል። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክረሽ ሸፍኚው፤ ክንፎቹን ከገላው ጋር አስተኝተሽ በጨርቁ እሰሪያቸው፤ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይተኛ። እንዳይታጠፍ። «እኛ ጋ ሲደርስ በጀሶ ቅርጹን እናወጣለን፤ ቆዳው በዚያ ልክ ይለብሳል» አለኝ።

«መቼ ያልቃል?»

«ወረፋ አለብን። መድረቅ አለው፣ ቀለም አለው። ፋሲካን ሳያልፍ አይቀርም።»

ገና መስቀል አልፎ አፈሩ አልደረቀም ነበር። «ፋሲካ?» ብዬ ጮህኩበት፤ የእሱ ጥፋት ይመስል። ከዚያ ለአባዬ ምንም አልነገርኩትም።

ፎቶውን አነሳሁ። ግቢው ውስጥ ሣር ላይ አስተኝተነው፣ እናቴ እየተነጫነጨች ውሃ ስትረጭበት፣ እኔ በርከክ ብዬ፣ ተነስቼ፣ ዞሬ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ አነሳሁት። ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። በስልኬ እርጅና ምስሉ ገና ሳይከፈት፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ፣ «እሰይ! ቁርጥ እሱን!» አለና መለሰልኝ። ሳቅኩኝ። ችኮላዬን ከማን እንደወረስኩት ዛሬ ታወቀ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

ቀጣዩ ጣጣ ፍሪዘር ነው። የእኛ ፍሪጅ የዓሣውን ጭንቅላት ብቻ ነው የሚችለው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚለው የጉራጌ ሰው፣ ለስላሳና ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ረጅም ዲፕ ፍሪዘር አለው። ጉዳዬን ሰምቶ ጺሙን እየዳሰሰ ትንሽ አሰበ።

«ይሸታል?»

«ጥሬ ነው ሐጂ፤ ዛሬ ጠዋት የወጣ።»

«መምህር ጡረታ ወጥቶም ልጄን ፊደል አስቆጥሯል» አለ። «ባይሆን ለስላሳውን ሙቅ እንሸጣለን።» ጠርሙሶቹን ራሱ አወጣ። ዓሣው በቁመቱ እምቢ ሲል በሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ አስተኛነው። ጭራው ሳይታጠፍ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ወሰድኩ።

የወሰድኩት ትንፋሽ ሳይወጣ መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱ ለሆሳዕና ሰው ወሬ አይደለም። ለእኔ ግን ያ ሰሞን እንደ ቃጠሎ ነበር። ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ጣሪያው ላይ ያለችውን አምፖል ነው የምጠብቀው። ስትበራ ወደ ሐጂ እደውላለሁ፤ ስትጠፋ ወደ ሐጂ እሮጣለሁ። አለቃዬ «ሆድሽን አሞሻል?» አለኝ። አዎ ብዬው እንደገና ወጣሁ። በረዶ ከየሆቴሉ ለመንኩ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ተመላለስኩ። የሚኒባስ ሾፌሮቹ ገና «ዓሣ» ከማለቴ እጃቸውን ያወዛውዙብኛል። አንዱማ «እህቴ፣ ሕዝብ ነው የምጭን» ብሎ ተቆጣኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ጠያቂው ነው። አገራችን እንደዚህ ነው፤ ሰው ቢታመም ይጠየቃል፣ ቢወለድ ይጠየቃል፣ ዓሣም ቢመጣ ይጠየቃል። የመምህር ዓሣ የሐጂ ፍሪዘር ውስጥ ነው ሲባል ከሌሞ ገበያ የመጣ ባለጋሪ ሳይቀር ፈረሱን አቁሞ ሊያይ ገባ። ሐጂ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ማንንም አይመልስም። ክዳኑን ያነሳል፣ ላስቲኩን ይገልጣል፣ ጨርቁን ያላቅቃል። «ማሻ አላህ፣ እየው እንግዲህ» ይላል። መብራት በጠፋበት ፍሪዘር ያለችውን ቅዝቃዜ ጠያቂው ተከፋፍሎ ወሰዳት። «ሐጂ፣ በፈጠረዎት ክዳኑን አይክፈቱ!» ስለው፣ «ልጄ፣ መምህርን አክብሮ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልመልስ?» አለኝ። የቤታችንም በር እንደዚያው ሆነ፤ ዓሣውን ያየ ሰው ተሻግሮ አባዬን «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል ይመጣል፤ እናቴ ያለ ቁርስ አታሰናብትም። እንኳን ዓሣ ዓሣ ነባሪ ይዞ ቢመጣ እንደዚያ አይደገስለትም ነበር።

በዚህ መሃል አክስቴ ከዶዮገና መጣች። የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ የአባዬን ጆሮ እስከ ዛሬ መቆንጠጥ የሚፈቀድላት እሷ ብቻ ናት። ዓሣውን ሰምታ ሳይሆን፣ ወንድሟ «እንደ ልጅ እየሆነ ነው» የሚል ወሬ ሰምታ ነው። ከጓሮዋ እንሰት ፍቃ ያቦካችውን የቆጮ ሊጥ በኮባ ጠቅልላ፣ አህያ የሚያጎብጥ ሸክም ይዛ መጣች። አባዬ እሷን ሲያገኝ ቋንቋው ይለወጣል፤ ሁለቱ በከምባትኛ ሹክ ሹክ ሲሉ እናቴም እኔም ግማሹን ነው የምንይዘው። በዚያ ሰሞን ሹክሹክታው በዛ። እኔ አልጠረጠርኩም። ለመጠርጠር መቀመጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ መኪና አገኘሁ። ከዶዮገና ጎመንና ድንች ጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። «ጎመኑን ውሃ ስለምረጨው ቀዝቃዛ ነው፤ መሃሉ እናስተኛዋለን» አለኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ጠዋት ሲያልፍ በሐጂ ሱቅ በር እንደሚቆም ተነጋገርን። በነጋታው ገና ሰማዩ ሳይጠራ ሱቁ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ሐጂ ሱቁን ከፈተ፤ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ለስላሳ ነው የሞላው።

«መምህርና እህታቸው ትናንት ወሰዱት እኮ» አለ ሐጂ። «አንቺ የላክሽያቸው መስሎኝ።»

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። የአይሱዙ ጥሩምባ ከኋላዬ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። እናቴ በረንዳ ላይ ስንዴ እየለቀመች ነበር፤ ስታየኝ ራሷን ወደ ጓሮ ነቀነቀች። «እኔ የለሁበትም» አለች። እንሰቶቹ ሥር፣ የዱሮው የቆጮ ጉድጓድ ላይ፣ አዲስ ኮባ ተደራርቦ፣ ኮባው ላይ ድንጋይ ተጭኗል። የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ድንጋይ። አባዬና አክስቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን አደረጋችሁት?»

«አስቀመጥነው» አለች አክስቴ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። «መብራት የሰው ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ጉድጓድ መቼ ከድቶን ያውቃል? ቆጮ ዓመቱን ሙሉ ያቆየ ጉድጓድ ዓሣ አያቆይም? ደግሞ ራቁቱን አላስተኛሁትም። ላስቲኩንና ጨርቁን አውልቄ፣ ያመጣሁትን ሊጥ ከላይ ከታች አልብሼዋለሁ። አየር እንዳይገባው በድንጋይ አጥብቄዋለሁ።»

አልዋሸችም። እኛ ዘንድ ቆጮ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። የቦካ ሊጥ አየር ካላገኘው ይኖራል፤ ከእሷ ጓሮ የወጣ ቆጮ በልተን ነው ያደግነው። ለዓሣ ብላ የገበረችው የቤተሰብ ስንቅ ነው። ግን ሊጡ ኮምጣጤ ነው፣ ዓሣው ግማሹ ቀልጧል፣ ድንጋዩ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ክንፎቹን ሳልነካ በጨርቅ ያሰርኩት እኔ! ጭራው እንዳይታጠፍ የሰው ሱቅ ያስፈታሁት እኔ!

ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። «እናንተ ሰዎች» የሚል ነገር ነበረበት፤ «ድንቁርና» የሚልም ነበረበት። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባዬ ግን እስክጨርስ ጠበቀ።

«በስልክ ስታወሪ ጮክ ትያለሽ» አለኝ። «ፋሲካን ያልፋል ብሎሻል ሰውየው። ሰምቻለሁ። ለፋሲካ የሚመጣ ዓሣ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ከቤቴ አይወጣም። እዚሁ ይሁን።»

አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። የአይሱዙው ሾፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፍቶ ሄደ።

ድንጋዩን ያነሳነው ጥቂት ቀን ቆይተን፣ በእመቤታችን ዕለት፣ አባዬ ወደ ቅዳሴ ከሄደ በኋላ ነው። አክስቴ «ልየው፤ ጉድጓዱ ከከዳኝ ራሴ ልየው» አለች። ሽታው ቀድሞ ወጣ። የላይኛውን ሊጥ ስንገፍፍ የዓሣው ጎን ድንጋዩ ባረፈበት ልክ ጎድጉዷል፤ ቆዳው በእጃችን ሲነካ እንደ ረጠበ ወረቀት ይነሳል። ዓይኑ የለም። ክንፉ ከሊጡ ጋር ተላቁጧል። ዓሣነቱ ራሱ አልቋል። አክስቴ «እኔ ልጥፋ» አለች በቀስታ፤ በሕይወቴ አንድም ነገር ተበላሽቶባት አይቼ አላውቅም ነበር። አባዬ ሳይመለስ በሁለት አካፋ ከሥሩ አንስተን ወደ ዳር አወጣነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ግን ዓሣ ቀርቷል። ሥጋው ወጥቶ መልኩ ቀርቷል ልበል። የታችኛው ሊጥ፣ ዓሣው የተኛበት፣ ድንጋዩ ጨቁኖት ሙሉ ጎኑን ይዟል፦ ቅርፊቱን አንድ በአንድ፣ የክንፉን እሾህ፣ የጉንጩን እጥፋት። አንዳንድ ቦታ ቅርፊቱ ራሱ ከቆዳው ተነቅሎ ሊጡ ላይ ተጣብቋል። በጥዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል።

ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ በጣም ሳቀ፤ ከዚያ «ቆይ፣ ሊጡን እንዳትነኪው» አለ። «ጀሶ ታገኛለሽ?»

ጀሶ? ሆሳዕና ውስጥ ቤት የማይሠራ ማን አለ? የመጀመሪያው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነበር። ውሃ ጨምሬ፣ በዱላ አማስዬ፣ እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ አጥሚት አቅጥኜ በቀስታ አፈሰስኩት። የዓሣው ቅርጽ ሞላ። ከዚያ የመጠበቅ ነገር መጣ፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። በጣቴ ልነካው እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ፤ ጫፉን ላንሳው እላለሁ። አክስቴ በርጩማዋን አምጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠችበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እኔ አጥፍቻለሁ፤ አንቺ አትደግሚውም። ሂጂ ቢሮሽ!» አባዬ ሲመጣም እሷው ናት የነገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ብቻ አጠገቧ ሌላ በርጩማ አስመጥቶ ተቀመጠ።

ጀሶው ደርቆ ሲወጣ የአርባ ምንጩን ሆቴል ዓሣ እንደማይመስል የታወቀ ነው። አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፤ ጭራው ላይ ጠመም ይላል፤ ነጭ ነው፤ ሊጡ ያልለቀቀው ቦታ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። እነዚያ ተነቅለው የቀሩት ቅርፊቶች ጀሶው ውስጥ ገብተው እዚህም እዚያም ያብለጨልጫሉ። ቀለም ልቀባው ፎቶውን አውጥቼ ነበር፤ አባዬ አይሆንም አለ። እናቴ ከእመቤታችን ሥዕል ፈንጠር አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው። ዝናብ ሲዘንብ ዛሬም ቆጮ ቆጮ ይሸታል። እንግዳ ያስመልጣል ስትል የነበረችው ሴት አሁን ለእንግዳ ታሪኩን የምትነግረው እሷ ናት፤ እኔን ስትደርስ «ይቺ ደግሞ ለዓሣ ብላ አገር አመሰች» ትላለች።

እኔ ግን ዓሣው ከተሰቀለ በኋላም አልበረደልኝም። ነጭ ዓሣ፣ ነጭ ግድግዳ። ለደከመ ዓይን ምን ይታየዋል? ግድግዳውን ሰማያዊ እናስቀባው አልኩ። አምፖል ከጎኑ እናድርግ አልኩ። በመጣሁ ቁጥር «አባዬ፣ ይታይሃል?» እለዋለሁ። «ይታየኛል ልጄ፣ በደንብ» ይለኛል። እናቴ ግራ ተጋብታ «ዝሆን የሚያህል ነገር እንዴት አይታየው?» ትላለች። የሚያሳርፈኝ መልስ አልነበረም፤ በሌላው ቀን እንደገና እጠይቀዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቢሮ ሳልፍ ጠብታውን ላደርስለት ገባሁ። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው። አባዬ ዓሣው ፊት ቆሟል። «ነዪ እስቲ» አለኝ።

«አባዬ፣ ስብሰባ አለኝ፤ ማታ…»

«ነዪ ስልሽ። እጅሽን ስጪኝ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። እጄን በእጁ ይዞ ጀሶው ላይ አስቀመጠው። ከጭንቅላቱ ጀመረ። ጉንጩን አስነካኝ፤ የክንፉን እሾህ አንድ በአንድ አስነካኝ፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ነገር ጣቴ ሥር ሲመጣ «ይሄ የራሱ ቅርፊት ነው» አለኝ። አይቸኩልም። ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ፤ እሱ ጣቴን ወደ ዓሣው አፍ ጥግ መለሰው፣ መንጠቆው ወደቀደደው ቦታ። «እዚህ ጋ ነው የያዝኩት። ሲባጎው ጣቴን ሲቆርጠው ትልቅ መሆኑን ያኔ አውቄዋለሁ። ያኔ ያወቅኩት ይኸው ነው፤ ልክ እንደዚህ ነው።» ድምፁ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ አለኝ፤ ከጭራው ጫፍ ስንደርስ እንደገና ከጭንቅላቱ እንጀምር አልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ፊቱ ላይ አርፏል። የእሱ ዓይን እንደተከፈተ ነው፤ አልጨፈነውም። ፈገግ ብዬ አየሁት። እሱ ግን እኔ ካለሁበት ትንሽ ወዲያ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ እያየ ፈገግ እንዳለ ነው።

«ታየሽ?» አለኝ።

«ታየኝ አባዬ» አልኩት። ባጃጁ ደጋግሞ ነፋ፤ እኔ ግን አልሄድኩም።